የድንቅቱ መስኮት

መንደሩ ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ ምክር ነው። በታችኛው ረድፍ የሚኖር ሰው የቁርስ ደወል ከመደወሉ በፊት መስኮቱን መክፈት አለበት። የተከፈተ መስኮት ማለት ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ በእግሩ ቆሟል፣ እጁም ይታዘዝለታል ማለት ነው። የተዘጋ መስኮት ይንኳኳል። መስኮቱ ደጋግሞ ተዘግቶ የተገኘ ሰው ደግሞ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ላይኛው ቤት ይወጣል።

መንደር ይበሉት እንጂ ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ የተሠራ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ታችኛው ረድፍ ውስጥ ያሉት የየራሳቸው በር፣ የየራሳቸው ምድጃና የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ላይኛው ቤት ዳገቱ ላይ የተገተረው ረጅም ሕንፃ ነው። እዚያ ሰውን ያጥቡታል፣ ያጎርሱታል፣ ያገላብጡታል። በሮቹ ቁልፍ የላቸውም። ከታች ወደ ላይ የወጣ ብዙ ነው፤ ተመልሶ የወረደ ግን እስካሁን አልታየም።

የሺወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ ሚስማርና ማጠፊያ፣ ቆርቆሮና መሸጎሪያ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። በልጅነቷ ከመርሐ ቤቴ መጥታ ሱሉልታ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፈተች፤ ባሏን ቀበረች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሱቁን ሸጠች። ልጅ የላትም። ማንም ሳያስገድዳት፣ የምትኖርበትን ክፍል ራሷ ዞራ አይታ፣ የቧንቧውን ማጥበቂያ ነቅፋ ነው የገባችው። ግድግዳ የምትጋራት ድንቅቱ ደግሞ የዚያው የሱሉልታ ሰው ናት። ከመኖሪያው ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ገብስ ስታሳጭድ፣ ወተት ወደ ከተማ ስትልክ ኖራለች። ቡራዩ የሚኖረው ልጇ ኦዳ አይሱዙ ይነዳል፤ ብቻዋን ከምትሆን ብሎ ያመጣት እሱ ነው።

የመስኮቱን ነገር ያሰበችው የሺወርቅ ናት።

ሰኔ ላይ የድንቅቱ መስኮት ሁለት ጠዋት ተዘግቶ ተገኘ። ማለዳ ስትነሳ ያዞራታል፤ ፀሐይ ካልሞቀ ራሷ አይረጋም። የመንደሩ ነርስ ላሊሴ አንኳኩታ ገባች፤ ግፊቷን ለካች፤ መድኃኒቷን አየች፤ ስትወጣም «አዴ ድንቅቱ፣ እንዲህ ከቀጠለ ላይ ቤት ቢሆኑ ይሻላል» አለች። ረጋ ብላ ነው ያለችው። ላሊሴ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥራዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሺወርቅ ፒንሳና ቀጭን ሽቦ ይዛ የድንቅቱን በር ከፍታ ገባች።

«ተነሺ ከዚያ፣ ብርሃን አትከልክይኝ» አለቻት።

የመስኮቱን መሸጎሪያ ጫፍ ጥቂት አጠፈችው፤ ከውጭ የገባ ሽቦ እንዲያነሳው። ወጥታ ሞከረችው፤ ከፈተ።

«ይኸው። ኪዳን ስሄድ እከፍትልሻለሁ። አንቺ እስኪበቃሽ ተኚ።»

«የነበረሽ የብረት ሱቅ ነው ወይስ የሌባ ትምህርት ቤት?» አለች ድንቅቱ።

«ሌባ ባይኖር ቁልፍ ማን ይገዛኝ ነበር?»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። ሽቦው ጠቅ ሲል ከውስጥ «ሃቱ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ድንቅቱ በኦሮምኛ ሌባ ማለቷ ነው። የሺወርቅም «ምን አለሽና ይሰረቃል» ብላ እጇን ታስገባና መከለያውን ገፍታ ትሄዳለች። እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ፣ የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ሰላምታቸው ይኸው ነው።

የሺወርቅ ይህን ሁሉ የምታደርገው ለድንቅቱ ብላ እንደሆነ ለራሷ ነግራ አሳምናለች። ግን ነገሩ እንዲያ ብቻ አልነበረም። ድንቅቱ ከወጣች በምትኩ የሚመጣውን ሰው ማን ያውቀዋል? ከዚያም በላይ የራሷ ጉልበት ከክረምት ክረምት እየባሰበት ነው። ተራዋ ሲደርስ ሽቦውን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች።

ፍልሰታ ሲገባ ሥራው ጭራሽ ቀለለ። የሚጾሙት ቁርስ ቤት ድርሽ አይሉም፤ እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚበላም የሚጠጣም የለም። በሌላው ጊዜ ላሊሴ በቁርስ ሰዓት ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን እጅ ተንቀጠቀጠ እያለች ታያለች። በጾሙ ግን የቀራት መስኮት ማየት ብቻ ነው።

በሱባኤው አጋማሽ፣ አመሻሽ ላይ፣ ሁለቱ ድንቅቱ ቤት ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ኩባያው ከድንቅቱ ቀኝ እጅ ወደቀ። አልተሰበረም፤ ላስቲክ ነው። ሻዩ ግን ጭኗ ላይ ፈሰሰ፤ እሷም ወደ ጭኗ ሳይሆን ወደ እጇ ነበር የምታየው።

«ደነዘዘኝ» አለች።

«ብርድ ነው። ነሐሴ እኮ ነው።»

«ትናንትም እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ነገ ለላሊሴ እነግራታለሁ።»

«ንገሪያታ። ቁልፍሽንም አብረሽ አስረክቢያት።»

«እጄ ነው የሺ።»

«እጅሽ እንደሆነ አየሁ። ፍልሰታ ይፈታና እኔው ራሴ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። ላሊሴም አትሰማ፣ ልጅሽም አይሰማ። አሁን ከነገርሻት በሚቀጥለው ሳምንት ላይ ቤት ነሽ፤ ሰው ሊያጎርስሽ።»

ድንቅቱ እጇን በሌላው እጇ እያሸች፣ «ይሄን የምትዪው ለኔ ነው ለራስሽ?» አለች።

የሺወርቅ መልስ ስታጣ መቆጣት ነው ልማዷ። «እንዳሻሽ» ብላ ተነሳች፤ በሩንም ከኋላዋ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

በማግስቱ ማለዳ ጉሙ መሬት ነክቷል። የሺወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ ሽቦውን ከኪሷ አውጥታ በድንቅቱ መስኮት ሥር ቆመች። ሌሊቱን ሙሉ ስታብሰለስል ነው ያደረችው፤ ንዴቷ አልበረደም። ሽቦውን አስገባች፤ መሸጎሪያው ጠቅ አለ።

«ሃቱ» የሚል የለም።

እጇን ከመጋረጃው ሥር አሳልፋ መከለያውን ስትገፋው የኤሌክትሪክ ብርሃን ፈነጠቀባት። ውስጥ አምፖሉ በርቷል። ነቅታለች ማለት ነው፤ ነቅታ ዝም ብላኛለች፤ አኩርፋለች። የሺወርቅ ጆሮዋን ቀና አድርጋ ጥቂት ጠበቀች። «ድንቅቱ» ልትል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ትናንት የተሰደበችው እሷ ናት፤ ቀድማ የምትናገርበት ምን ምክንያት አላት? መጋረጃውን አልገለጠችውም። እጇን መልሳ ሽቦዋን ኪሷ ከተተችና መንገዷን ቀጠለች።

ከረድፉ ጫፍ ላይ ላሊሴን አገኘቻት። ቦቲዋን አድርጋ፣ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ መስኮት እያየች ትመጣለች።

«እማማ የሺ፣ እንደምን አደሩ? ኪዳን ነው?»

«የት ልሄድ ኖሯል በዚህ ጭቃ?»

«አዴ ድንቅቱስ? ተነሱ? ትናንት ፊታቸው ጥሩ አልመሰለኝም።»

የሺወርቅ ዞር ብላ በከዘራዋ ወደ ኋላ አመለከተች። «መስኮቱን አታዪም?»

ላሊሴ አየች። መስኮቱ ተከፍቷል፤ መብራት በርቷል። «እሺ፣ ይጸልዩልን» ብላ አለፈች።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ ለየሺወርቅ ጉልበት ግን ሩቅ። ኪዳን አልቆ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ተጀመረ። ሴቶቹ በአዳራሹ በአንድ ወገን፣ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል። የሺወርቅ ግን ዝናቡ ባይኖርም የምትሰማው አልነበረም። አንድ ነገር እንደ ገባ እሾህ ይወጋታል፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አላገኘችውም።

ትናንት የተባባሉትን ከላይ እስከ ታች አስታወሰችው። እሱ አይደለም። ለላሊሴ የሰጠችው መልስ ይሆን? እሱም አይደለም፤ እንዲያ ያለ መልስ ከሰኔ ጀምሮ ስትሰጥ ነው የቆየች። የሚወጋት ዝምታው ነው። ድንቅቱ አኩርፋ ታውቃለች፤ ስንቴ። ጎመን አሳርረሽብኛል ብላ፣ ልጄን አምተሽብኛል ብላ፣ ያለ ምንም ምክንያትም። ግን መቼ ነው አኩርፋ ዝም ያለችው? ድንቅቱ ስታኮርፍ ምላሷ ይፈታል። ባኮረፈችበት ጠዋት «ሃቱ» ብቻ አትልም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ የሚሸኝ ስድብ ነው የምታወርድ።

የሺወርቅ ተነሳች። አጠገቧ ያለችው ሴት ነጠላዋን ይዛ «ትርጓሜው አላለቀም እኮ» አለቻት። መልስ አልሰጠቻትም። ከቅጥሩ ወጥታ ባጃጅ ጠራች፤ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ጎማው ሲሽከረከር ወርዳ ከዘራዋን እየተከለች በእግሯ ሄደች።

የድንቅቱ በር ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳች። ስሟን ጠራች፤ በመዳፏ በሩን ደበደበች። ከዚያ ዞራ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ማለዳ ሳትገልጠው ያለፈችውን መጋረጃ በከዘራዋ ጫፍ ወደ ጎን ሳበችው።

መጀመሪያ ያየችው እግር ነው። ካልሲ ያደረገ እግር፣ በአልጋውና በምድጃው መካከል፣ ሲሚንቶው ላይ።

በሩን የገነጠለው የመንደሩ ሹፌር ኦቦ ቢቂላ ነው፤ ጩኸቷን ሰምቶ ከጋራዡ ሮጦ መጣ። ላሊሴ ተከትላው ገባች። ድንቅቱ በጎኗ ወድቃ፣ ግራ እጇ ከሥሯ ተጣጥፎ፣ ዓይኗ እንደተከፈተ ነው። ፊቷ በአንድ ወገን ወርዷል። ላሊሴ ተንበርክካ በኦሮምኛ ደጋግማ ጠራቻት፤ ጣቴን ጭመቂው አለቻት፤ በግራ እጇ ጨመቀች፣ በቀኙ ምንም የለም።

«ስትሮክ ነው» አለች ላሊሴ። ስልኳን አወጣች። «መኪናውን አዙረው ኦቦ ቢቂላ። እማማ የሺ፣ እርስዎ ከኋላ ይግቡና ጭንቅላታቸውን ይያዙልኝ። ቀጥ አድርገው ይያዙ።»

የመንደሩ ሚኒባስ የኋላ ወንበሩ ተነሥቶለት ፍራሽ ተነጠፈበት። የሺወርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የድንቅቱን ራስ በጭኗ ያዘች። በረዶ ነው የሚመስለው። መኪናው ከበሩ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን አስፋልት ሲይዝ ላሊሴ ሆስፒታሉን አገኘች፤ ሁለት እጇን ለማስለቀቅ ስልኩን ጮክ ባለ ድምፅ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ሐኪሙ ወጣት ወንድ ነው፤ ይቸኩላል። ዕድሜ ጠየቀ፤ ግፊት፣ ስኳር፣ የትኛው ወገን እንደላላ ጠየቀ። ከዚያ፣ «ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው» አለ። «መቼ ነው የጀመራቸው? መጨረሻ ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት» አለች ላሊሴ። «ተነሥተው መስኮታቸውን ከፍተዋል፤ መብራትም አብርተው ነበር። እኔው ራሴ አይቻለሁ። እዚህ በየጠዋቱ መስኮት እናያለን።»

«በጣም ጥሩ። እንግዲያው ይደርሳሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ከጀመራቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስካን እናነሳለን፤ ደም ካልፈሰሰ ወዲያው እንሰጣቸዋለን። መድኃኒቱን አስፈልጌ አስዘጋጃለሁ። የት ደርሳችኋል?»

«ዳገቱን ጀምረናል።»

«ፍጠኑ። በስልክ ቆዩኝ።»

ላሊሴ ወደ የሺወርቅ ዞራ፣ «ደርሰናል፤ በጊዜ ነው ያገኟቸው» አለች። የሺወርቅን ለማጽናናት ነበር።

የሺወርቅ ዓይኗን ከድንቅቱ ላይ አላነሳችም።

ከፊታቸው ድንጋይ የጫነ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ይጎተታል፤ በጉሙ ምክንያት ለመቅደም አይደፈርም። ኦቦ ቢቂላ ጡሩንባውን ነካክቶ ተወው። የሺወርቅ የድንቅቱን ጋቢ ልታስተካክል ስትል እጇ ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር ነካ። ጭኗ ላይ ነው። ሻዩ ነው፤ የትናንቱ ሻይ። ቀሚሱ ያው የትናንቱ ነው፤ የራስ ሻሿም እንደተጠመጠመ ነው፤ ድንቅቱ ደግሞ ሻሽ አስራ ተኝታ አታውቅም። አልጋው ትዝ አላት፤ በሩ ሲገነጠል አይታዋለች። ብርድ ልብሱ ሳይነካ፣ ትራሱ ሳይጎደጉድ፣ ትናንት ጠዋት እንደተነጠፈ ነበር። መብራቱስ? በከንቱ የሚበራ አምፖል ካየች ሰው ቤት ገብታም ቢሆን የምታጠፋ ሴት ማለዳ ላይ መብራት አብርታ ልትቀመጥ? ያ አምፖል ዛሬ አልበራም። ሳይጠፋ ያደረ ነው።

አመሻሽ ላይ ነው የወደቀችው። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ምናልባት ቆልፋው ስትመለስ፣ ምናልባት ኩባያውን ልታነሣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ አድራለች።

ይህን የምታውቀው የሺወርቅ ብቻ ናት።

«ነርስ፣ አለሽ?» አለ ስልኩ። «መድኃኒቱ ተገኝቷል። ለማረጋገጥ ያህል፣ ሰዓቱ ላይ ጥርጥር የለሽም አይደል? ሌሊት የጀመራቸው ከሆነ አይሆንም። ያን ያህል የቆየ ከሆነ ይህ መድኃኒት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ያፈስና በእጃችን ይሞታሉ።»

«ጥርጥር የለኝም» አለች ላሊሴ። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከጭነት መኪናው ጀርባ ወጡ፤ ኦቦ ቢቂላ ነዳ። ዳገቱ አልቆ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ በጉሙ መካከል ባሕር ዛፎቹ ብቅ እያሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ብትናገር ድንቅቱ ያን መድኃኒት አታገኝም፤ እሱ ቢሆንስ የሚያድናት? ባትናገር ሊገድላት ይችላል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለች ለራሷ። ምናልባት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷት አድራ ጠዋት ስትነሣ ይሆናል የወደቀችው። ማን አየ? ደግሞም ሐኪሙ ስካን አነሣለሁ ብሏል፤ የሱ መሣሪያ ያገኘዋል። የኔ ምስክርነት ለምን ያስፈልጋል?

በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ትንሽ ሐሳብ እያፈረች ብቅ አለች፦ ከተናገርኩ ቁልፌን ይቀበሉኛል።

የሺወርቅ ያችን ሐሳብ አየቻት። ትናንት «ለኔ ነው ለራስሽ?» የተባለችው ይህችው ናት። ትናንት መልስ አጥታላት ነበር።

«መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች።

ላሊሴ አልሰማቻትም፤ ወይም ሰምታ አልገባትም። «ምን አሉኝ?»

«የድንቅቱን መስኮት። እኔ ነኝ ከውጭ በሽቦ የከፈትኩት። ከሰኔ ጀምሮ እኔ ነኝ። እሷ አልተነሣችም። መብራቱም ሳይጠፋ ያደረ ነው፤ አልጋዋም አልተነካም፤ ይኸው ቀሚሷም የትናንቱ ነው፣ ሻይ የፈሰሰበት። አመሻሽ ላይ ነው የወደቀችው።»

ኦቦ ቢቂላ በመስታወቱ አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ማን ናቸው የሚናገሩት?» አለ ስልኩ።

«ጎረቤቷ ነኝ ልጄ።»

«ትናንት ደህና ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ሲመሽ። ያኔም ደህና አልነበረችም፤ እጇ ደንዝዞ ነበር። ለነርሷ ልንገር ስትል እኔ ነኝ ያስተውኳት።»

«በቃ፣ መድኃኒቱን ትተነዋል» አለ ሐኪሙ። «አምጧቸው፣ ሌላ የምንሠራው አለ። እናቴ፣ ደግ ነገሩኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ላሊሴ አልጮኸችም። ብትጮኽባት ለየሺወርቅ በተሻላት ነበር።

«ጠዋት ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

«መስኮቱን አታዪም አልኩሽ።»

«በየቀኑ በዚያ ጭቃ የምዞረው የርስዎን ሥራ ለማየት ነው ለካ።» ላሊሴ ጎንበስ ብላ የድንቅቱን የልብ ምት እንደገና ለካች።

ድንቅቱ አልሞተችም። ደሙ የረጋው ከብዙ ሰዓት በፊት እንደነበር ስካኑ አሳየ፤ ያ መድኃኒት ቢሰጣት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ለላሊሴ ነገራት፣ ላሊሴም ለየሺወርቅ በአጭሩ ነገረቻት። በዚያ ቀን ማታ ኦዳ ከቡራዩ መጣ። ኮሪደሩ ላይ የሺወርቅን ሲያገኛት ሰላም አላላትም። ፊቷ ቆሞ፣ «እናቴ እጇን እንዳመማት ነግራዎት ነበር?» አላት።

«ነግራኛለች።»

ሌላ የምትለው እንዳለ ያህል ጠበቃት። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ገባ።

በታችኛው ረድፍ ሕጉ ተለወጠ። ላሊሴ ሽቦውን ተቀበለቻት፤ የሁሉንም መስኮት መሸጎሪያ አስመረመረች። አሁን በየማለዳው በር ሁሉ ይንኳኳል፤ የሰው ድምፅ ሳይሰማ አይታለፍም። የሺወርቅን ቁልፏን ግን ማንም አልጠየቃትም። ከስድስተኛው ክፍል ጋሽ ታመነ፣ ጡረተኛው መቶ አለቃ፣ ባገኛት ቁጥር ይነተርካታል። «በአንቺ ጦስ ጎሕ ሳይቀድ ‘አለሁ’ እያልኩ እንደ እስረኛ እቆጠራለሁ» ይላታል። «አርባ ዓመት አስቆጥሬ አሁን ልቆጠር?»

«ካላሰኘህ ለላሊሴ አትመልስላት» ትለዋለች፤ «በርህን ትሰብርልሃለች።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ድንቅቱን መልሰው አመጧት፤ ወደ ላይኛው ቤት። የሺወርቅ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ በመስኮቷ አየች። በዚያ ቀን አልወጣችም። በማግስቱም አልወጣችም። ጉልበቴ ነው አለች፤ ዳገቱ ያንሸራትታል አለች። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል።

በመጨረሻ ላሊሴ በሯ ላይ ቆመች። «አዴ ድንቅቱ እርስዎን እየጠየቁ ነው» አለቻት።

«ምን አለች?»

«ራስዎ ሄደው ይስሙ። አማርኛው ብዙ አልተመለሰላቸውም፤ ቀስ ይበሉ።»

የሺወርቅ ላይኛው ቤት ገብታ አታውቅም። ሽታው የፈራችው አይደለም፤ በረኪናና ሾርባ ነው። ድንቅቱ በረድፍ ከተደረደሩት አልጋዎች መጨረሻ ላይ፣ መስኮት ሥር፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ገና አልተቃናም። ቀኝ እጇን ሰው ጭኗ ላይ አስቀምጦላታል፤ የተዋሰችው ዕቃ ይመስላል።

«መጣሁ» አለች የሺወርቅ።

ድንቅቱ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እየገፋች አወጣቻቸው።

«ሀርካ ኬ… አርጌ።»

የሺወርቅ ኦሮምኛዋ የገበያ ነው፤ ዋጋ፣ ሚዛን፣ ነገ ና። ይህን ለመረዳት ግን ከዚያ በላይ አላስፈለጋትም። እጅሽን አየሁት ነው ያለቻት። ከሲሚንቶው ላይ ሆና፣ መጋረጃው ሲነቃነቅ፣ እጅ ሲገባ፣ መከለያውን ሲገፋና ተመልሶ ሲወጣ አይታለች። የከዘራውም ድምፅ ሲርቅ ሰምታለች።

ለምን አልጠራሽኝም ልትል አፏን ከፍታ መለሰችው። «መጋረጃውን አልገለጥኩትም» አለች። «አኩርፈሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነው።»

የድንቅቱ ጤነኛው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «እኔ…» አለች በአማርኛ፤ «ሳኮርፍ… ዝም… እላለሁ?»

«አትዪም።»

ድንቅቱ ዓይኗን ከሷ ላይ አንሥታ ወደ መስኮቱ አደረገች። ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን እያነሣ ትከሻዋ ላይ ይጥለዋል።

«ፎዳ ጩፊ» አለች። «ይበርደኛል።»

የሺወርቅ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። መሸጎሪያው ላልቷል፤ በአውራ ጣቷ ገፋችው፣ ገባ። ከዚያ ልትሄድ ይሁን ልትቀመጥ ሳታውቅ እጇን መስኮቱ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ድንቅቱ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሂጂም አላለቻትም፣ ተቀመጪም አላለቻትም። የሺወርቅ ወንበሩን ሳበችና የድንቅቱ ፊት በሚታይበት በኩል ተቀመጠች።